ጠባሳው የቱ ነው?

ሰው የገዛ ፊቱን በቀጥታ አያይም። በመስተዋት ያየዋል፤ በፎቶግራፍ ያየዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በሌሎች ሰዎች ዓይን ውስጥ ያየዋል። በአዲስ አበባ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆና የምትሠራ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ይህን የተረዳችው በተቀመጠችበት መስኮት ምክንያት ነው። ከክፍያ መስኮቶቹ አንዱ ከመግቢያው በር ትይዩ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት የፀሐይ ብርሃን በጎን ይገባበታል። የጎን ብርሃን ደግሞ ጉድጓድን ይገልጣል። በጉንጮቿ ላይ ያሉት ትናንሽ ጎድጓዳ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ጥላ ይይዙና ፊቷ ከሌላው ሰዓት ይልቅ የተጎዳ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በዚያ መስኮት ተራዋ በደረሰ ቁጥር ከባልደረቦቿ ጋር ትቀያየር ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለማንም ነግራ አታውቅም።

አንድ ቀን የምትቀይራት አጥታ እዚያው ተቀመጠች። ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አንዲት እናት ብራቸውን ቆጥረው ከያዙ በኋላ በርኅራኄ አይተዋት፣ «ምነው ልጄ፣ ይህን የመሰለ ፊትሽን ምን ነካብሽ? እመብርሃን ትማርሽ» አሏት። በሴትዮዋ ልብ ክፋት አልነበረም። እሷ ግን ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ብጉሩ የጀመራት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በቤት ውስጥ ማንም እንደ በሽታ አልቆጠረውም። እናቷ «የልጅነት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይጠፋል» አሏት። አክስቷ ቅቤ እንዳትበላ መከሯት። ጎረቤቱም የየራሱን መድኃኒት አዘዘ። እሷም የተባለችውን ሁሉ አደረገች፤ ሎሚ ቆርጣ ቀባች፤ የጥርስ ሳሙና ለጥፋ አደረች፤ ሎሚ በተቀባ ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እንደሚያቃጥልና እንደሚያጠቁር የነገራት ሰው አልነበረም። ከሁሉም የከፋው ግን በየማታው በመስተዋት ፊት ቆማ በሁለት ጥፍሮቿ መካከል እየጨመቀች ማፍረጧ ነበር። መግሉ ሲወጣ የምታገኘው እፎይታ ለአንዲት ሌሊት ብቻ ነበር። በማግሥቱ ያፈረጠችው ስፍራ አብጦ ያድራል፤ ከሳምንታት በኋላም በቦታው ጥቁር ነጥብ ወይም ጎድጓዳ ነገር ይቀራል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች አንዲት የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ከገበያ የተገዛች ትንሽ የክሬም ቱቦ ሰጠቻት። በሳምንት ውስጥ ብጉሩ ጸጥ አለ፤ ፊቷም ፈካ። ይህን ያየ ሁሉ አመሰገናት። ስምንት ወር ያህል ስትቀባ ቆይታ ባቆመች ጊዜ ግን ብጉሩ ከቀድሞው በርትቶ ተመለሰ፤ ቆዳዋ ሳስቶ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩበት፤ ጉንጮቿ ላይ ቀደም ሲል ያልነበረ ለስላሳ ፀጉር በቀለ። መልሳ ስትቀባው ይተዋታል፤ ስታቆም ይብስባታል። ቱቦው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ስም ያነበበችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክሎቤታሶል ይባላል፤ ከብርቱዎቹ የስቴሮይድ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ የቆዳ ሕመም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው እንጂ ለፊት ማስዋቢያ የተሠራ አይደለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ እሷም የቸኮለችበትን ነገር ስትለቅም ዓመታት አለፉ።

በዚያው ቤት ውስጥ ግን ከእሷ ይልቅ የተበሳሳ ፊት ያላቸው ሰው ነበሩ። አያቷ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሰባት ዓመታቸው ፈንጣጣ ገብቶባቸው ከአምስት ወንድምና እኅት ሁለቱን ወሰደ፤ እርሳቸውን ደግሞ ፊታቸውን ከግንባር እስከ አገጭ ነድፎ ተዋቸው። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንን ፊት ስትስመው ኖራለች፤ አንድም ቀን አስቀያሚ ነው ብላ አስባ አታውቅም። በገና ዕለት ቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን ከአያቷ ጀርባ ተሸሽጋ ትቆም ነበር። የእርሳቸው ጉድጓድ የማይታያት ልጅ የራሷን ጉድጓድ ከሰው ሁሉ ዓይን የምትሰውርበትን ምክንያት ለራሷም ማስረዳት አትችልም ነበር።

ከጡረተኛዋ እናት ንግግር በኋላ ነው ወደ ቆዳ ሐኪም የሄደችው። ወረፋው ሳምንታት ፈጀ። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማያጣድፉ ሴት ነበሩ። ገና መናገር ስትጀምር «ጠባሳዬን እንዲያጠፉልኝ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። ሐኪሟም «የትኛውን ጠባሳ?» ብለው ጠየቋት። ጥያቄው አስደነቃት። ፊቷ ሁሉ ጠባሳ መስሎ ይታያት ነበርና። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ጉንጯን ቀስ አድርጋ እንድትዳስስ አዘዟት። ከዚያም በመስተዋት እያሳዩዋት «ጣትሽ ያላገኘው፣ ዓይንሽ ብቻ የሚያየው ይህ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ጠባሳ አይደለም፤ የቀለም ቅሪት ነው። ጣትሽ ገብቶ የሚወጣበት ግን እውነተኛው ጠባሳ ነው» አሏት። ፊቷ ላይ ከቆጠረቻቸው ምልክቶች ከግማሽ የሚበልጡት ጣት የማያገኛቸው ነበሩ።

በአማርኛ ሁለቱንም «ጠባሳ» ማለት ለምደናል። ስሙ አንድ በመሆኑም መድኃኒቱ አንድ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከሥሩ የተለያየ ነው። በፊት ቆዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ የፀጉር ቀዳዳ ከጎኑ ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለው። በጉርምስና ዘመን ዕጢው ወዙን ያበዛል፤ ቀዳዳው በሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ይደፈናል፤ በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ሰውነትም ለመከላከል ሲነሣ ስፍራው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ይህ መቆጣት በቆዳው ውስጥ ያሉትን ቀለም አምራች ሕዋሳት ሲቀሰቅስ ሜላኒን የተባለው ቀለም ከልክ በላይ ይመረታል፤ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ጥቁሩ ነጥብ ይቀራል። እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ቀለሙ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ከቀረ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ወደ ታችኛው ሽፋን ከወረደ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ያም ሆኖ በጊዜ ብዛት የሚሻሻል ነገር ነው።

ጎድጓዳው ሌላ ነው። መቆጣቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቆዳን ደግፎ የያዘውን ኮላጅን የተባለ ድርና ማግ ሲበጥሰውና ሰውነት መልሶ የሚሠራው ከጠፋው ሲያንስ፣ የላይኛው ቆዳ ወደ ባዶው ስፍራ ይሰምጣል። የተበጠሰው እንደ ነበረ ተመልሶ አይሸመንም፤ ስለዚህ ጊዜ ብቻውን አይሞላውም። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ሰውነት ኮላጅኑን ከልክ አልፎ ይሠራና ጠባሳው ያብጣል፤ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ሲያድግ ኬሎይድ ይባላል። ይህ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ይበረታል፤ በአገጭ ዙሪያ፣ በደረት፣ በትከሻና በጀርባ ላይ ይበዛል፤ በዘርም ይወረሳል። ስለሆነም ሐኪሟ መርፌ ከማንሣታቸው በፊት «ከቤተሰባችሁ ጆሮዋን ተበስታ ያበጠባት አለች ወይ?» ብለው ጠይቀዋታል።

ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቋት ስለ አያቷ ፊት ነገረቻቸው። ሐኪሟ ፈገግ ብለው ያልጠበቀችውን ነገር ነገሯት። ፈንጣጣ በፊት ላይ ያን ያህል ጉድጓድ የሚተወው ወዝ አመንጪ ዕጢዎችን ስለሚያጠፋ ነው፤ ዕጢዎቹም ከሌላው ገላ ይልቅ በፊት ላይ ይበዛሉ። የአያትና የልጅ ልጅ ጠባሳ፣ መንሥኤው ለየቅል ቢሆንም፣ የተጀመረው እዚያው አንድ ሰፈር ነው።

ያን ማታ ይህንኑ ለአያቷ አጫወተቻቸው። አያትዮው ሳቁና «እንግዲያስ ከእኔ የወረስሽው መሬት ሳይሆን ጉድጓድ ነው በይኛ!» አሉ። ቀጥለውም ከዚያ በፊት ተናግረውት የማያውቁትን ተናገሩ። በልጅነታቸው መንደር መስተዋት አልነበረም። ፊታቸውን የሚያውቁት በእጃቸው ነበር። በሃያ ዓመታቸው ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ሲወርዱ ለመታወቂያ ፎቶግራፍ ተነሡ። «ፎቶውን ሲሰጠኝ የሌላ ሰው የሰጠኝ መስሎኝ መለስኩለት» አሉ። እሷም «ከዚያስ፣ አባባ?» አለች። «ከዚያማ ሥራ ገባሁ» ብለው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «በእኛ ጊዜ ይህ ፊት ያለው ሰው ተርፏል ማለት ነው፤ ዳግመኛ አይዘውም። እናቴ ጉድጓዱን እየቆጠረች ታመሰግን ነበር። መድኃኒት አለ ቢሉኝ ግን እኔም በሄድኩ ነበር» አሉ። በማግሥቱ ከጡረታቸው ያጠራቀሙትን ጥቂት ብር ለሕክምናው ብለው በእጇ አስጨበጧት።

አያትዮው የተሸከሙት በሽታ ዛሬ የለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን ሲሆን፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ደግሞ በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ የነበረ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነው። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚህ ቀንድ አካባቢ ያንን ፊት የተሸከሙ ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ አይኖርም። የብጉር ጠባሳ ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሰው እንደ ሕመም ስለማይቆጥረውም መጀመሪያ የሚደርስለት ሐኪም ሳይሆን ገበያ ነው።

ገበያው የሚሸጠው ደግሞ ለቀለምም ለጉድጓድም አንድ ነገር ነው፦ ማንጣት። በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከካርቱም እስከ ዳሬሰላም ልዩነት የለም። በታንዛኒያ ከልዩ ልዩ ክሬሞች ተቀላቅሎ ለፊት የሚቀባው ውህድ «ምኮሮጎ» የሚል የራሱ ስም እስከ ማግኘት ደርሷል። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፤ በአንዳንዶቹ ኩላሊትን የሚጎዳው ሜርኩሪ ይገኛል፤ በሌሎቹ ደግሞ ሃይድሮኪኖን አለ። ሃይድሮኪኖን በሐኪም እጅ ለተወሰነ ጊዜ ሲታዘዝ ጥቁረትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክ ለዓመታት ሲቀባ ግን በተቃራኒው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለመልቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ጥቁረት ያመጣል። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ከመዋቢያ ቅባቶች ውስጥ ከልክላዋለች፤ ከጎረቤቶቻችንም ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እገዳ አውጥተዋል። ክልከላው ግን ቱቦዋን ከሴት ልጅ ቦርሳ አላወጣትም። የቆዳ ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገር ቱቦዋ ሁልጊዜ ቀድማ ትደርሳለች። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተው አለርት፣ በታንዛኒያ ሞሺም በ1992 የተከፈተው የአካባቢው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከል ብዙ ባለሙያዎችን አፍርተዋል፤ ከገጠሩ ስፋትና ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ ግን ገና ብዙ ይቀራል።

የልጅቷ ሕክምና የተጀመረው ከጠባሳው አይደለም። ሐኪሟ «ቤቱ እየነደደ ግድግዳ አይለሰንም» ብለው መጀመሪያ ብጉሩን አቆሙ። ስቴሮይዱ በሐኪም ክትትል ተወ፤ ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት እጅግ የከበዱ ነበሩ፤ ፊቷ ቀልቶ አብጦ ሥራ ገብታለች። ቀጥሎ በየምሽቱ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል አዳፓሊን ለመላ ፊቷ፣ ጠዋት ደግሞ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ታዘዘላት። ይህ ሁለተኛው ጨርቅ እንደሚያነጣ ተነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ረስታ የአዲስ ነጠላዋን ጥለት አነጣችበት። መድኃኒቱ ሲያቃጥላት በየቀኑ መቀባቱን ትታ ቀን እየዘለለች ተቀባች፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ማቃጠሉ ራሱ አዲስ ጥቁረት ያመጣልና። ለቀለሙ አዜላይክ አሲድ ተጨመረላት። ከብዙ ሰው የሚሠወረውን ሌላውን ሕክምና ደግሞ ከራሷ ላይ ቀነሰች፤ ከፀጉሯ ወደ ግንባሯ የሚወርደውን ቅባት ተወች፤ በግንባሯ ዳር ላይ የነበሩት ትናንሽ ብጉሮችም ቀነሱ።

ከሁሉ ያልጠበቀችው የፀሐዩን ነገር ነበር። ጥቁር ቆዳ መከላከያ አያሻውም ብላ ታስብ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በሚጠጋ ከተማ ላይ ግን ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ አሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆዳን የሚያጠቁረው ደግሞ ይህ ጨረር ብቻ አይደለም፤ ዓይን የሚያየው ብርሃንም ጥቁረቱን ያጸናል፤ ስለዚህ ለጠይም ፊት የብረት ኦክሳይድ ቀለም ያለው መከላከያ ይመረጣል። ዋጋው ለደመወዟ ከባድ ስለነበር መከላከያውን ለፊቷ ብቻ እየቆጠበች፣ የቀረውን ለጃንጥላና ለነጠላ ተወችው። በስምንት ወር ውስጥ ጣት የማያገኛቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ደበዘዙ።

ጉድጓዶቹ ግን እዚያው ነበሩ። ሐኪሟ በሁለት ጣቶቻቸው ቆዳዋን ወደ ጎን ለጠጥ እያደረጉ መረመሯቸው። ሲለጠጥ የሚጠፋው ሰፊና ማዕበል መሰል የሆነው ነው፤ ከሥሩ ወደ ታች የሚጎትተው ክር አለው፤ ክሩ በመርፌ ከውስጥ ሲበጠስ ቆዳው ይነሣል። ሲለጠጥም የማይጠፋው በወስፌ እንደ ተወጋ ጠባብና ጥልቅ የሆነው ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ እንደ ሣጥን የተቆፈረ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሐኪሞች ያወጡት ይህ ክፍፍል የሕክምናውን ዓይነት የሚወስን ነው። ለጠባቦቹ በ2002 ኮሪያውያን ሐኪሞች ያሳወቁት ዘዴ አለ፤ ብርቱ አሲድ በስንጥር ጫፍ ተነክቶ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ጠብ ይደረጋል። ለሰፋፊዎቹ ቆዳን በደቃቅ መርፌዎች እየወጉ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ መቀስቀስ አለ። ከ2004 ጀምሮ የተስፋፋው፣ ቆዳን በጥቃቅን ነጥቦች ብቻ የሚነካው ሌዘርም አለ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ኃይሉ ካልተመጠነ ራሱ ጥቁረት ይተዋል።

ለእሷ መርፌውና አሲዱ ተመረጡላት። ሐኪሟ አስቀድመው «አላጠፋልሽም፤ አሳንስልሻለሁ። ይህን ካልተቀበልሽ ገንዘብሽን አታባክኚ» አሏት። አንዱ ዙር ከሌላው በስድስት ሳምንት እየተራራቀ አራት ጊዜ ተወጋች። ማደንዘዣው ቢቀባም ያማል፤ ፊት ደም ያዝላል፤ ለቀናትም ቀልቶ ይሰነብታል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንድ ሳምንት ሳይሞላት የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ በሜዳ ስትጨፍር ዋለችና ጉንጮቿ ጠቆሩ፤ ያ ጥቁረት እስኪለቅ ሁለት ወር ጠበቀች። ኮላጅን የሚሠራው በዝግታ በመሆኑ ውጤቱን ለማየት ከመጨረሻው ዙር በኋላም ወራት አስፈለጉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን እናቷ በየሳምንቱ ይደጋግሙላት ነበር፤ እሷም በየሳምንቱ ትበሳጭ ነበር።

ዛሬ ጉድጓዶቹ አልጠፉም፤ ጠርዛቸው ግን ለስልሷል፤ ጥልቀታቸውም ቀንሷል። በቀትር ብርሃን የሚያያት ሰው ልብ ላይላቸው ይችላል። በጎን ብርሃን አሁንም ይታያሉ። በበሩ ትይዩ ያለው መስኮት ተራዋ ሲደርስ አንዳንድ ቀን ትቀመጥበታለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትቀያየራለች።

ባለፈው ክረምት የአሥራ አምስት ዓመት ታናሽ እኅቷ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ስታራግፍ አንዲት ትንሽ ቱቦ ከደብተሮቹ መካከል ወደቀች። ታላቅየዋ አንሥታ ደቃቁን ፊደል አነበበች፤ ያው ስም ነበር። «ከየት አመጣሽው?» አለቻት። «ጓደኛዬ ሰጠችኝ፤ በሳምንት ያጠፋል አለችኝ። ገና ዛሬ ልጀምር ነበር» አለች ልጅቷ እያፈረች። ግንባሯና አገጯ ላይ መግል የያዙ ብጉሮች ነበሩ። እናትየው ከማድ ቤት ሆነው «የልጅነት ነው፣ ይጠፋል» ሊሉ ጀመሩና አቋረጡት። ታላቅየዋ አልተቆጣችም፤ ቱቦዋን በኪሷ ከተተች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ እኅቷን ይዛ ወደዚያው ሐኪም ሄደች።

ሐኪሟ ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው ዓይኗን እንድትጨፍንና በጣቷ ጫፍ ፊቷን ቀስ አድርጋ እንድትዳስስ አዘዟት። ታላቅየዋ አጠገቧ ቆማ ጣቷን ስትከተል ነበር። ጣቷ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ሄደ፤ በአገጭ ዞረ፤ እብጠት አገኘ፤ ጉድጓድ ግን ገና አላገኘም።